የጠፋችው ስምንት ቁጥር ቁልፍ

የእህቴ ባል የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ይመስላል እንጂ በሽቦ መስኮት የተከለለች አንዲት ክፍል፣ አንድ በርጩማና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዕቃ ነው ያለው። እኔ እዚያው ፋብሪካ ጠራጊ ስለሆንኩ በየቀኑ አየው ነበር። ያላየሁትን አልጽፍም፤ የሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ።

ሰዉ "አባ ልቅም" ይለዋል፣ እኔ ጋሼ ነው የምለው። አብረን ነው የምንኖረው፣ ቤትም እንደዚያው ነው። ጫማውን ሲያወልቅ አፍንጫና አፍንጫውን እኩል አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። እህቴ "እኔ ያገባሁት ባል አይደለም፣ ማስመሪያ ነው" እያለች ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፣ ግን ማስተካከሉን አይተውም። ድሮ አውቶቡስ ጋራዥ ሃያ ዓመት ሠርቷል። ጋራዡ ሲዘጋ ሁለት ዓመት ቤት ዋለ። ያኔ ሰው ማየት ጠልቶ ነበር፣ ገበያ እንኳ አይወጣም። ፋብሪካው ሲመጣ ነው እንደገና ሰው የሆነው።

ፋብሪካው የአውሮፕላን የጅራት ክንፍ ይሠራል። ሙሉ አውሮፕላን አይደለም፣ ክንፉን ብቻ ነው፤ ከዚያ በመኪና ተጭኖ ወደብ ይሄዳል። ያመጣው መንግሥት ነው። መሬቱን በነጻ ሰጠው፣ አዳራሹን ሠራለት፣ ለሚቀጥረውም ሰው ሁሉ ድጎማ እሰጣለሁ አለው። ድጎማው የሚለቀቀው ግን የመንግሥት ሰዎች በቀጠሮ መጥተው አራት መቶ ሰው ሥራ ላይ ሲያገኙ ነው። እኛ ደግሞ ሁለት መቶ ስልሳ ነበርን።

የጋሼ ክፍል ግድግዳ ላይ የያንዳንዱ ዕቃ ቅርጽ በቀለም ተስሏል። ፒንሳው ሲነሳ የፒንሳው ጥላ ብቻ ይቀራል። የወሰደው ሠራተኛ ቁጥር ያላት የቆርቆሮ መለያውን እዚያ ቦታ ላይ ይሰቅላል። ማታ ሁሉም ዕቃ ቦታው ካልገባ ጋሼ የበሩን ቁልፍ አይሰጥም። አንድ ቀን ምን አስጨነቀህ አልኩት።

"ክንፉ ውስጡ ባዶ ነው" አለኝ። "ዕቃ ረስተሽ ብትዘጊው ሰማይ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። መሪውን የሚስበው ሽቦ ሥር ከገባች አለቀ።"

"ምኑ ነው የሚያልቀው፣ ጋሼ?"

"ሰዉ ነዋ።"

የቆጠራው ቀን ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ማስታወቂያ ተለጠፈ። የሚችል ሠራተኛ ሁሉ መታወቂያ ያለው አንድ አንድ የቤተሰብ ሰው ይዞ እንዲመጣ፣ "ሰልጣኝ" ተብለው ለግማሽ ቀን እንዲቆሙ ይላል። እህቴ ደስ አላት። ባሏ የሚውልበትን ቦታ አይታው አታውቅም ነበር። የሰጧት ቱታ በጣም ሰፊ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ "እትዬ፣ አንድ ሰው ደግሞ እዚያ ውስጥ ጨምሪ፣ ቁጥሩ ቶሎ ይሞላልን" አላት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሽቦ መስኮቱ ጋ መጣ። እኔ አጠገቡ እየጠረግሁ ነበር።

"ባዶ እጃቸውን ከቆሙ ምኑን ሠራተኛ ሆኑት? አንድ አንድ ዕቃ አስይዛቸው።"

"መለያ የላቸውም" አለ ጋሼ።

"ለአንድ ሰዓት እኮ ነው።"

"ለአንድ ሰዓትም መለያ የላቸውም።"

"አባ ልቅም፣ ሰዎቹ በር ላይ ናቸው። ይሄ ነገር ካልሞላ የሚዘጋው ያንተ መስኮት ብቻ አይደለም። የዚህ ሁሉ ሰው ቤት ነው።"

 ጋሼ መስኮቱን ከፈተና በእጁ ማደል ጀመረ። ላቡ ሲወርድ አየሁት። ግድግዳው ላይ ጥላው ብቻ ቀረ፣ አንድም ቆርቆሮ ሳይሰቀል።

የመንግሥት ሰዎች ሦስት ነበሩ። አንደኛው በእጁ ጠቅ ጠቅ የምትል መቁጠሪያ ይዟል። በሁሉም ጠረጴዛ መሐል አለፉ፣ አንድም ሰው አላናገሩም፣ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። አራት መቶ ሦስት ሆነ ተባለ። ወዲያው ሰልጣኞቹን አስወጧቸውና የመጀመሪያው ጭነት ክንፍ ዛሬ ይዘጋ ተባለ። እስከ ማታ ክዳኑን በብረት ሚስማር የሚሰፋው የሪቬት መምቻ ድምፅ ጆሮ አላስሰማም።

ዕቃው ሲመለስ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሆነ። ስምንት ቁጥር ቁልፍ፣ የብሎን መፍቻዋ፣ የለችም። ጋሼ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከየጠረጴዛው ሥር ፈለገ። እኔ ማግኔቱን ይዤ ወለሉን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። የለችም።

ቤት ስንደርስ እህቴ ጠየቀችው። "ስምንት ቁጥር ምን ዓይነት ናት?"

በጣቱ አሳያት። እሷ ቱታውን ማጠፏን ተወች።

"እኔ ነኝ የያዝኳት" አለች።

"የት አደረግሻት?"

"ዕቃ አስቀምጡና ውጡ ሲሉን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ትወድቃለች ብዬ መደርደሪያው ውስጥ ከተትኳት። አንተ ዕቃ በሥርዓት ካልሆነ አትወድም ብዬ ጥግ አድርጌ ነው ያስቀመጥኳት።"

"የምን መደርደሪያ?"

"ያ ብረቱ ነዋ። በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለው።"

እኔ ገባኝ። ክንፉ ሳይዘጋ በፊት ውስጡ ልክ እንደ ቁም ሳጥን ነው። ለማያውቅ ሰው መደርደሪያ ይመስላል። ጋሼ አልተቆጣትም። ተነስቶ ውሃ ጠጣና ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

በነጋታው ለሥራ አስኪያጁ ሄዶ ነገረው። ይሄንን ከራሱ ነው የሰማሁት። ሥራ አስኪያጁ ረጋ ብሎ አዳመጠውና መለሰለት። ክንፉ ይከፈት ከተባለ ስድስት መቶ ሪቬት ይነቀላል፣ ክዳኑ ይበላሻል፣ ጭነቱ ይቀራል። ከዚያ መንግሥት ለምን ቀረ ይላል፣ ያቺ ሴትዮ ማን ነች ይላል። "የመሣሪያ ክፍል ኃላፊው ሚስት ናት ልበላቸው?" አለው። ከዚያ "ሂድ፣ ነገ እናያለን" አለው።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ አዲስ ስምንት ቁጥር ቁልፍ ተሰቅላ ነበር። ገና ዘይቷ አልደረቀም።

"ይኸው ሞልቷል። ዕቃው ሙሉ ነው ብለህ የጭነቱ ወረቀት ላይ ፈርም" አለው ሥራ አስኪያጁ።

"ይቺ ሌላ ናት" አለ ጋሼ።

"ስምንት ቁጥር አይደለችም?"

"ናት።"

"እና?"

"ሌላ ናት።"

የበሩን ቁልፎች መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ።  ማንም ተመለስ አላለውም።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ እኔን አስጠራኝ። "አንቺ መፈረም ትችያለሽ?" አለኝ። ስሜን እጽፋለሁ አልኩት። "ይበቃል" አለኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና ቆጠርኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። እንግዲህ ምን ልበል። የት እንዳለች አውቅ ነበር። የእህቴ ሦስት ልጆችና የኔ ሁለቱ የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው፣ ያን ቀን ጠዋት የጋሼ ደመወዝ ቀርቷል፣ የተረፈን የኔ ብቻ ነበር። ፈረምኩ። ቤት ግን አሁንም እየጠረግሁ ነው አልኳቸው።

ጭነቱ ዓርብ ጠዋት ወጣ። ጋሼ ያን ቀን ማለዳ ወጥቶ ምሳ አልፎ ነው የተመለሰው። ማታ የት ነበርክ ስንለው እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው አለን። ልብሱ አቧራ ለብሷል። እኔ ስቀመጥ እንደ ወትሮው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። 

ሹፌሩ ማክሰኞ ከወደብ ተመልሶ ወረቀት ሊያስረክብ መስኮቴ ጋ መጣ። ወሬ ይወዳል።

"ያ የድሮው ሰውዬ፣ አባ ልቅም የምትሉት፣ ኬላው ጋ መሐል መንገድ ቆሞ አላሳልፍ አለኝ" አለኝ። "ጭነቱ ጎዶሎ ነው፣ መልሰው አለኝ። ወረቀቱ ሙሉ ነው ይላል፣ ይኸው ፊርማ አልኩት። አምጣ ብሎ አነበበው። በጣም ቆየበት። ከዚያ አጥፎ መለሰልኝና ከመንገዱ ወረደ።"

"ሌላ ምን አለህ?"

"ምንም። ደህና ግባ አለኝ።"

ወረቀቱን ተቀበልኩት። እሱ ግን አልሄደም፣ ሽቦው ላይ ተደግፎ ጆሮውን ያክካል።

"እኔ የምለው፣ ገመዱ ጥሩ አልታሰረም እንዴ?" አለኝ። "ኩርባ በዞርኩ ቁጥር ኋላ የሆነ ነገር ኳ ይላል። ሁለቴ ወርጄ አጠበቅሁት። ስነሳ እንደገና ኳ።"

"ወደብ ላይ ነገርካቸው?"

"ምን ብዬ? ወረቀቱ ሙሉ ነው እኮ። ፈርመው ተቀበሉኝ። አሁን ባሕር ላይ ነው።"