ያልተቀበልኩትን ወረቀት ተቀብያለሁ ያልኩበት እሁድ

ጌታ የተባረከ ይሁን፣ ቅዱሳን። ትዕግስት እባላለሁ፣ አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። መመስከር እፈልጋለሁ ብዬ ፓስተርን ያናገርኩት ማክሰኞ ነው። «ደስ የሚል ነው?» አለኝ። «እውነት ነው» አልኩት። ፈቀደልኝ፣ ጌታ ይባርከው። እልል ለማለት የተዘጋጃችሁ እህቶች ትንሽ ታገሱኝ። ተናድጄ ነው የቆምኩት፣ ንዴቴን ሳልደብቅ ነው ዛሬ ጌታን የማመሰግነው።

አዲስ አበባ ነርስ ነበርኩ። እምነት የሚባለውን ነገር አልጠላውም፣ አልፈልገውምም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሰርግና ለለቅሶ ነው። ካናዳ፣ ካልጋሪ ስመጣ ያው እንደምታውቁት የነርስነት ፈቃዴ እዚህ አይሠራም። እስኪስተካከል ብዬ አረጋውያን የሚኖሩበት ኬር ሆም ውስጥ ኸልዝ ኬር ኤድ ሆኜ ገባሁ። ሰው አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ መነሳት የማይችለውን አገላብጣለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ዜና ስትከፍቱ የጤና ሠራተኛ አጥሮናል፣ ኑልን ይላሉ። መጥታችሁ ጎንበስ ቀና ስትሉላቸው ደግሞ ቆዩ፣ ተራችሁን ጠብቁ፣ ደንቡ ተቀይሯል ይሏችኋል። እጃችን ይፈለጋል፣ እኛ ግን አንፈለግም።

ማርልቦሮ ሰፈር ቤዝመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። ከላይ የምትኖረው ሴትዮ «የሐበሾቹ ቸርች ሂጂ፣ ሰው የሚያውቅ ሰው አታጪም» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደ እናንተ የመጣሁት ወረቀት፣ ፒአር የሚባለውን የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ፣ የሚያስጨርስልኝ ሰው ፍለጋ ነው። ጌታም በእኔ ዓይን ከሁሉም የሚበልጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ነበር። እጄን አነሳለሁ፣ ከዘማሪዎቹ ጋር እዘምራለሁ፣ ልቤ ግን ኢሜይል ላይ ነው።

ጉዳዩን ለማታውቁት ላስረዳ። በእኛ ሥራ፣ በፕሮቪንሱ፣ በክፍለ ሀገሩ መንግሥት በኩል አመልክታችሁ እዚህ ለመቅረት ፉል ታይም የሆነ ቋሚ ሥራ ያስፈልጋችኋል። ሥራ ቦታ ይህን ላይን እንለዋለን። ላይን ያለው ሰው ሺፍቱ የታወቀ ነው። ካዥዋል የሆነ ደግሞ ሰው ሲቀር እስኪደወልለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔ ላይን ነበረኝ። አመልክቼ የፕሮቪንሱን ጥሪ እጠብቅ ነበር። ላይኑ ከሄደ ማመልከቻው ይሄዳል፣ ዎርክ ፐርሚቴ፣ የሥራ ፈቃዴ፣ ሲያልቅ እኔም እሄዳለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

እትዬ ብርሃኔን የማያውቅ እዚህ የለም፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እትዬ፣ እወድዎታለሁ። ስታመም ስካይቪው ራንች ሰፈር፣ ቤትዎ ወስደው አጥሚት ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ግን እናገራለሁ፣ ይፍቀዱልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ጸሎት አለ። አንድ ቅዳሜ ጸልየው ሲጨርሱ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ወረቀትሽን ጌታ ሰጥቶሻል። ነገ መድረክ ላይ ወጥተሽ ተቀብያለሁ በይ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ገና እኮ አልመጣም» አልኩ።

«ሳይመጣ ማመስገን ነው እምነት ማለት። ከመጣማ ማን አያመሰግንም?»

«እሺ፣ በእምነት ተቀብያለሁ ልበል?»

«በእምነት እያልሽ ምን ታስረዝሚዋለሽ? ለጥርጣሬ በር መክፈት ነው። ተቀብያለሁ በይ፣ በቃ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አሜን አሉ። ሰው ሁሉ አሜን ሲል እኔ ብቻዬን «ቆዩ» እንዴት ልበል?

በማግስቱ እዚሁ ቆሜ ጌታ ወረቀቴን ሰጥቶኛል፣ ተቀብያለሁ አልኩ። ታስታውሳላችሁ። ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ድፎ ዳቦ ጋግራ ያመጣችልኝ እህት አለች፣ ውለታዋን አልረሳም። አንዱ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ አለኝ። ሌላዋ የጠበቃሽን ስልክ ቴክስት አድርጊልኝ አለችኝ። የሌለ ጠበቃ ስልክ ከየት ላምጣ? ፈገግ እያልኩ አለፍኳቸው። እትዬ «ፊትሽ በራ» አሉኝ። ፊቴ የበራው በድንጋጤ ነው።

ያን እሁድ ወንድም ዳንኤልም እዚህ ነበር። ዳኒ እኔ የምሠራበት ኬር ሆም ውስጥ ስኬጁል የሚያወጣው እሱ ነው። ንጹሕ ሰው ነው፣ ከዚህ መድረክ የሚነገረውን ያምናል። ማመኑ ጥፋት አይደለም። በዚያው ሳምንት ከእኛ ፎቅ አንድ ላይን ሊቀነስ ነው ተባለ። ግሬስ የምትባል የሥራ ባልደረባ አለችኝ፣ እሷም እንደኔ የፕሮቪንሱን ጥሪ የምትጠብቅ። ማናጀራችን ከሁለታችን የማንን ላይን እንደምትቀንስ ግራ ገብቷት ሳለ ዳኒ «ትዕግስት እኮ ወረቀቷን አግኝታለች» አላት። ክፋት የለበትም። ግሬስን ላድን ብሎ ነው።

ቢሮ ተጠራሁ። ዳኒ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማናጀሯ ተነስታ አቀፈችኝ። «እንኳን ደስ አለሽ። አሁን ነፃ ነሽ፣ የፈለግሽበት መሥራት ትችያለሽ። ግሬስ ግን ላይኗ ከተነካ ማመልከቻዋ ይወድቃል። ስለዚህ ካዥዋል ያደረግኩት አንቺን ነው። እንደምትረጂኝ አውቃለሁ» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ «ወረቀት የለኝም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዳኒ ግን ጥርሱን ገልጦ ያየኛል፣ ደስ ብሎት። እዚያ ቢሮ ውስጥ እውነቱን ካወጣሁ እሁድ መድረክ ላይ ዋሽቻለሁ ማለት ነው። እትዬ ብርሃኔ መሳቂያ ሊሆኑ ነው፣ የጌታም ስም ሊሰደብ ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት። «ቴንክ ዩ» ብዬ ወጣሁ። ላይኔን የወሰደው ፕሮቪንሱ አይደለም። ማናጀሯም አይደለችም። እልልታችን ነው የወሰደው። አሜን አትበሉ፣ እያመሰገንኳችሁ አይደለም።

የሥራ ለውጥ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ ለፕሮቪንሱ አሳወቅኩ። ማመልከቻዬ ተዘጋ። ለእትዬ ደውዬ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰሙኝና «ልጄ፣ በልብሽ ተጠራጥረሽ ይሆናል» አሉኝ። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። ቢሳካ በጸሎታችን፣ ባይሳካ በእኔ ጥርጣሬ? ይህ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስትሰሙ «ዝም በይ፣ ለሰው አታውሪ፣ ጌታ ያውቃል» አላችሁኝ። ጌታማ ያውቃል። ማናጀሯ ግን አታውቅም ነበር።

መምጣት አቆምኩ። ስትደውሉልኝ ሺፍት አለኝ እላችሁ ነበር። ምን ሺፍት አለኝ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኬር ሆም ተደወለልኝ፣ ሰው ቀርቷል ነይ ተባልኩ። ዩኒፎርሜን ለብሼ ማርልቦሮ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ሌላ ሰው አግኝተናል፣ አትምጪ የሚል ቴክስት ገባ። ብርዱ አጥንት ይገባል። መጠለያው ውስጥ ማሞቂያው ሥር ተቀመጥኩና በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ ጌታን መናገር ጀመርኩ። ጸሎት ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፣ ጠብ ነው። «አልሰጠኸኝም» አልኩት። «አልተቀበልኩም። በስምህ ያልሆነ ነገር አስነገሩኝ፣ እኔም ተናገርኩ። አንተን አላውቅህም። ለወረቀት ነው የፈለግኩህ። ካለህ ያለ ወረቀቱ ተቀበለኝ።» አጠገቤ የተቀመጠው ሽማግሌ ቦርሳውን አንስቶ ራቅ አለ።

ድምፅ አልሰማሁም። ራእይ አላየሁም፣ ያላየሁትን ደግሞ ሁለተኛ አላወራም። የሆነው ይህ ነው። የምናገረው ሰው እየሰማኝ እንደሆነ አወቅኩ። ስንት ጊዜ እዚህ እጄን አንስቼ ዘምሬ ያላወቅኩትን እዚያ ተቆጥቼ አወቅኩት። አልቆጣኝም። ተጠራጥረሽ ነው አላለኝም። ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሳልኝ። ባቡር መጣ፣ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ እኔ አለቅሳለሁ። «ጉዳይ አስፈጻሚዬ ሳይሆን ጌታዬ ሁን» አልኩት። ሆነልኝ፣ ስሙ ይባረክ። ሃሌ ሉያ። አሁን አሜን በሉ።

በማግስቱ ማናጀሯ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት።

«ቸርች ውስጥ ፒአር አግኝቻለሁ ብለሽ ተናግረሻል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ግን አላገኘሽም።»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

ላስረዳት ሞከርኩ። እምነት ነው፣ አስቀድሞ ማመስገን ነው፣ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው አልኩ። እያወራሁ የገዛ ጆሮዬ ሰማው፣ ውሸት ነበር። እሷ አልሳቀችብኝም። «የግሬስን ላይን አልነካም፣ ማመልከቻዋ በእሱ ላይ ነው የቆመው። ሌላ ሲከፈት መጀመሪያ ለአንቺ እደውላለሁ። መቼ እንደሆነ ግን ቃል አልገባልሽም» አለችኝ። የማትችለውን ቃል ያልገባችልኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

በግሬስ አልከፋኝም ብል እዋሻችኋለሁ። ከፍቶኛል። ግን ግሬስ ምን አደረገች? አረጋውያኔን እጠቡልኝ ብሎ የጠራን አገር ሁለታችንን ለአንድ ወንበር ያጋፋናል፣ እኛ ደግሞ በመድረክ ወሬ አንዳችንን ገፍትረን እንጥላለን። ሁለቱም ያናድዱኛል። ጌታንም ያናድዱታል ብዬ አምናለሁ።

ለዳኒ የነገርኩት ፓርኪንጉ ውስጥ፣ መኪናው ጋ ነው። ፊቱ ጠቆረ። «መድረክ ላይ የተባለውን ካላመንኩ የቱን ልመን?» አለኝና አለቀሰ። ወንድሜ ዳኒ፣ ዛሬ ከኋላ ተቀምጠሃል፣ አይቼሃለሁ። መልሴ ይህ ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። ወረቀቴን አልተቀበልኩም። ላይን የለኝም። ዎርክ ፐርሚቴ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፣ እፈራለሁም። ጠዋት ስነሳ ግን ለማን እንደምናገር አውቃለሁ፣ እሱም የሚሰማኝ በተቀበልኩት መጠን አይደለም። ይህን ለማንም በምንም አልለውጠውም፣ ጌታ ይመስገን።

ለምን ዛሬ ካላችሁ፣ ሰኞ ሜሮን ደወለችልኝ። ሜሮን በቅርብ ነው የተቀላቀለችን፣ ቤልትላይን ሰፈር አንዲት አሮጊት ቤታቸው ሄዳ የምትንከባከብ ልጅ ናት። የፕሮቪንሱን መልስ እየጠበቀች ነው። «እሁድ ተቀብያለሁ በይ ተብያለሁ፣ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። ዛሬ ከእኔ ቀጥሎ የመመስከር ተራው የእሷ ነው።

እትዬ፣ ጌታ አይችልም አላልኩም። ይችላል። ሲሰጠኝ እዚህ ቆሜ እነግራችኋለሁ፣ ያን ጊዜ እስኪበቃችሁ እልል በሉ። እስከዚያ ግን በእኛ ውሸት የሚደገፍ ጌታ የለንም። ገና ያላመናችሁ ካላችሁ፣ ኑ፣ እመኑት። ያጣችሁትን አጣሁ፣ የቸገራችሁን ቸገረኝ ብትሉት የማይደነግጥ ጌታ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትልመድ።

ሜሮን፣ ነይ እህቴ። አትፍሪ፣ ከጎንሽ አልሄድም። እንቺ ማይኩን። ወረቀትሽ መጥቷል?