አሲዱን የቻለችው የግሮታ ፉንዳ እርሾ

ከዞራይዴ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአልኮል ፋብሪካው ቤተ ሙከራ አብረን ሠርተናል። እኔ የሸንኮራ አገዳውን ጭማቂ ጣፋጭነት እለካለሁ፤ እሷ በማይክሮስኮፕ እርሾ ትቆጥራለች። እዚያ መስኮት ሥር ከመቀመጧ በፊት አሥራ ስድስት ዓመት በግሮታ ፉንዳ ማሳ ገጀራ ይዛ አገዳ ቆርጣለች። ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲራገፍ በተቃጠለ ማሳ የዋለ ሰው ጥቀርሻው ከጥፍሩ ሥር በቀላሉ አይለቅም፤ የእሷም አልለቀቀም። እጇን ግን አንድም ቀን ስትደብቅ አላየኋትም።

እኛ ዘንድ እርሾ አንዴ ሠርታ አትጣልም። ጭማቂውን በትልልቆቹ የብረት ጋኖች አብላልታ አልኮል ካደረገችው በኋላ ትሰበሰብና ሁለት ሰዓት አሲድ ውስጥ ትነከራለች። አሲዱ የተደበቀባትን ተባይ ይገድላል፤ ደካማዋንም አብሮ ይወስዳል። የተረፈችው ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ በየቀኑ።

ከአሲዱ ስትወጣ ዞራይዴ ሰማያዊ ቀለም ጠብ ታደርግባታለች። የሞተችው ቀለሙን ጠጥታ ሰማያዊ ትሆናለች፤ በሕይወት ያለችው ነጭ እንደሆነች ትቀራለች።

«ነይ እያት!» ትለኛለች። «ከዚያ ሁሉ መቃጠል ወጥታ፣ እንደ ማለዳ ወተት!» ከዚያ አገዳ ቆራጮቹ ጊታር በሚመስለው በቪዮላ ክር የሚያዜሙትን ታንጎራጉራለች፦

ጥቀርሻ ለብሼ ብወጣ ከማሳ፣
ውስጤ መች ጠቆረ፣ ወዳጄ አትሳሳ።

አንድ ዓመት ዶክተር ኤቫንድሮ የሚባል አዲስ አለቃ ከከተማ መጣ። ለጋኖቹ ሁሉ የታሸገ እርሾ አስገዛ። ሐምሌ ላይ ግን ዞራይዴ ከሰባተኛው ጋን በቀዳችው ጠብታ ውስጥ ሌላ መልክ አየች፤ የታሸገችው ጠፍታ ቦታዋን ክብ፣ ደልደል ያለች እርሾ ይዛዋለች። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ።

«ይቺ ባዳ ናት፣ ዶና ዞራይዴ። በአገዳው ላይ ተሳፍራ ከማሳ የገባች አረም። ሰኞ ጋኑ ይደፋና በአዲስ ይተካ።»

«ዶክተር፣ እኔም እኮ ከማሳ ነው የገባሁት።»

አሲድ የሚቀዳው ጁራንዲር፣ የልጇ ክርስትና አባት፣ ከበሩ ሳቀ። «በቃ አበልጄ፣ ሰኞ አንቺንም ይደፉሻል!»

«አንተ ፓምፕህን ጠብቅ! ለቀልድ ማን ጠራህ?» አለችና ወደ ዶክተሩ ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አትድፉብኝ። የእርስዎንም የእኔንም በአንድ ዓይነት አሲድ፣ አራት ሰዓት ሙሉ እንንከራቸው። የእኔ ከእርስዎዋ በላይ ከሞተች፣ የጋኑን ቧንቧ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ።»

«አራት ሰዓት? ምንም አይተርፍም እኮ!»

«እናያለና፣ ልጄ።»

«ልጄ» ሲባል ጆሮው ቀላ፤ ግን እሺ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ እርሾዎች በአሲድ የተነከሩባቸው ሁለት ባልዲዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከቦታው የተነቃነቀ የለም፤ ለምሳ ያመጣነው የአይብ ዳቦ በሳህኑ ላይ ደረቀ። ዞራይዴ እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ መስኮቱን ታያለች።

ሰዓቱ ሞላ። መጀመሪያ የታሸገችዋ ታየች፦ ከመቶው ሰባ አንዱ ሰማያዊ። ቀጥሎ የሰባተኛው ጋን። ዞራይዴ ከማይክሮስኮፑ ዓይኗን ሳታነሣ ቆየች፤ ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችለት።

«እርስዎ ይቁጠሩ። እኔ ብቆጥር አድልታለች ይባላል።»

ቆጠረ። ደገመ። ሌላ ጠብታ አስመጥቶ ሠለሰ።

«ከመቶው ዘጠኝ ብቻ ናቸው የሞቱት» አለ በመጨረሻ። «ቆዳዋ ጠንካራ ነው። ሾልኮ የሚገባባትን አሲድ ደግሞ መልሳ ወደ ውጭ ትገፋዋለች፤ ብዙ ጉልበት ይፈጅባታል፣ ግን ትገፋዋለች።»

«ወንዙ ሞልቶ ቤት ሲገባብን ሌሊቱን ሙሉ በጣሳ እንደምንቀዳው ነዋ!» አለች ዞራይዴ። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ በዚያው በጥቀርሻው ጣቷ ጠረገችው።

ሰኞ ጋኑ አልተደፋም። የአገዳው ወቅት ሲያልቅ ዶክተሩ ከእርሾዋ በጠርሙስ ለዘር አስቀመጠና ብዕሩን አወጣ። «ስሟን "ዞራይዴ" ልበላት?»

«ኧረ! እኔ ብቻዬን አልወለድኳት። ግሮታ ፉንዳ በሏት። እዚያ የቆረጥን ሁሉ ሲሰማ ደስ ይበለው።»

በቀጣዩ ሚያዝያ የመጀመሪያው አገዳ ሲገባ በሁሉም ጋኖች የፈሰሰችው እሷ ነበረች። ቆራጮቹ ከመኪናው ሲወርዱ በጋኖቹ ላይ የተጻፈውን የማሳቸውን ስም አነበቡ፤ ማንበብ የማይችሉትም አስነበቡ። አንዲት አሮጊት ቆራጭ ባርኔጣዋን አወለቀች። ዞራይዴ በመስኮቱ እያየቻቸው ዜማዋን ጀመረች፤ እነሱም ከታች ሆነው ተቀበሏት።