አንዴ ብቻ ስትጠይቀኝ

ኦስሎ በመጣሁ በሁለተኛው በጋ፣ አብረውኝ አረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠሩ ሦስት የሀገሩ ልጆች ለሳንክትሃንስ ጠሩኝ። የሰኔ በዓላቸው ነው፤ እኛ ደመራ እንደምንለኩሰው እነሱም ውሃ ዳር እሳት ያነዳሉ። እስከዚያ ቀን ከሥራ ውጭ ማንም ጠርቶኝ ስለማያውቅ፣ በስንት ጊዜዬ ጓደኛ ላገኝ ነው ብዬ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። የጠራ ያበላል፤ ጠግቦ ግብዣ መሄድ ደግሞ ባለቤቱን መናቅ ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ነጭ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ከምኖርበት ሰፈር ከቫይትቬት ባቡር ያዝኩ።

እሳቱ የሚነድባት ደሴት ላይ በጀልባ ስንደርስ እነሱ በቁምጣ ናቸው። ዓለቱ ላይ ተቀመጥንና እያንዳንዷ ከቦርሳዋ የራሷን ምግብ ታወጣ ጀመር። ፖልሰ የሚሉት ቋሊማ፣ ዳቦው፣ ሰናፍጩ፣ ሁሉም በየግል። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ሊፕስቲክና ነጠላ ብቻ ነው። ፊቴ ጋለ።

ከሦስቱ አብልጬ የምወዳት ልጅ ይዛ በመጣችው ትንሽ ምድጃ የጠበሰችውን ትኩስ ፖልሰ በዳቦ አድርጋ ዘረጋችልኝ። «ትፈልጊያለሽ?»

«ናይ፣ በልቻለሁ» ብዬ በቋንቋቸው እምቢ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? መጀመሪያ እምቢ እላለሁ፤ «በሞቴ» ትለኛለች፤ ደግሜ እግደረደራለሁ፤ በሦስተኛው እጄን እዘረጋለሁ። እሷ ግን «እሺ» ብላ መለሰችው። በሞቴ የሚባልበት ሀገር አይደለማ!

እሳቱ ተለኮሰ፣ ዋኙ፣ ዘፈኑ፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ተነሳን። እኔ ጥርሴን አሳያለሁ፣ ሆዴ ይጮኻል። እንዳይሰሙት ሆን ብዬ ሳልኩ። በራሴ አፈርኩ፤ ይባስ ብዬ እነሱን በልቤ ንፉጎች ብዬ ሰደብኳቸው።

ስንመለስ ያቺ ልጅ ጀልባው ላይ ጎኔ መጥታ ተቀመጠች። «አሳማ የማትበዪ መስሎኝ የበሬ ፖልሰ ፈልጌ ገዛሁልሽ» አለችኝ። «እንዳይነካካብሽ መጥበሻም ለብቻ ይዤ መጣሁ። ምግባችንን ትጸየፊዋለሽ?» እስከ አንገቷ ቀልታ ነበር።

ለካ እሷም አፍራ ነው የዋለችው።

«ናይ! ኧረ ርቦኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልበላሽም?»

እስክትለምኚኝ እየጠበቅኩ ነበር ማለት ነበረብኝ። እኛ ቤት ጨዋነት የነበረው ነገር፣ እዚያ ጀልባ ላይ በኖርዌጅኛ ልናገረው ሳስበው ትዕቢት ሆኖ ቁጭ አለ። አንገቴን ደፋሁ። ትንሽ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ተነስታ ከሌሎቹ ጋር ሄዳ ቆመች።