በበቅሎ ቁመት የተሠራ ብስክሌት

ጉሉማ የአሮጌ ብረት አልጋ እግር በሞርሳ አስሮ በመጋዝ ቆረጠው። የተቆረጠውን አፍ በክብ ሞረድ እየሞረደ አጎደጎደና ከሌላው ቧንቧ ጀርባ ላይ አስቀምጦ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። በመካከላቸው ብርሃን ሾለከ። እንደገና ሞረደ፤ አሁን አልሾለከም። ሁለቱንም ነጭ እስኪሆኑ በአሸዋ አሻቸው። ውስጣቸው ልክክ የሚል ቁራጭ ብረት ከተተና በምስማር ወጋው፤ ናሱን ከብረቱ የሚያጣብቀውን ቦራክስ በውሃ ለውሶ ቀባ፤ የናስ ሽቦ ሦስት ዙር ጠመጠመና ከሰሉ ውስጥ አስተኛው። ግራ እጁ ወናፍ ላይ፣ ቀኙ ጉጠት ላይ ነበር። ናሱ እንደ ቅቤ ቀልጦ መጋጠሚያው ውስጥ ሲሰርግ አወጣውና ውሃ ሳያስነካ አመድ ውስጥ ቀበረው። ማጭድ ውሃ ይወዳል፤ ይህ ግን በድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ማንም አላስተማረውም። ሁለት መጋጠሚያ አበላሽቶ ነው የተማረው።

ይህ በ1956 ዓ.ም. ነቀምቴ ገበያ ዳር ነው። ጉሉማ የአንጥረኛ ልጅ አንጥረኛ ነው፤ በአገሩ አጠራር ቱምቱ። የከተማው ሰው ማረሻውን ያሠራዋል፣ ማጭዱን ያስለዋል፣ ቤቱ ገብቶ ግን ውሃ አይጠጣም። በዚያው ማጭድ የታጨደውን እህል መብላት ግን አያረክስም አሉ። ጉሉማ አሥር ዓመት ሙሉ የአስተማሪዎችን የብስክሌት ጎማ ለጥፏል፣ የፔዳል ሰንሰለቱን፣ ካቴናውን፣ ቀጥሏል። ቴላዮውን፣ ማለትም ዋናውን የብስክሌት አካል፣ ራሱ ሠርቶ ሰው ሲነዳው ማየት ነበር ምኞቱ። ማን ይቀመጥበታል? «የቱምቱ ብስክሌት መሀል መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል» ይሉ ነበር፣ ሞረድ በየት በኩል እንደሚያዝ የማያውቁ ሁሉ።

በመጨረሻ ያዘዙት ግራዝማች መሸሻ ናቸው፤ ከሸዋ መጥተው መሬትና ማዕረግ ያገኙ ሰው። አስተማሪ ሁሉ በብስክሌት ሲቀድማቸው አላስቻላቸውም፤ ሱቅ ያለው ብስክሌት ደግሞ ዝቅ አለባቸው። በቅሏቸውን አስጎትተው መጡና የአለንጋቸውን ጫፍ ኮርቻው ላይ አሳረፉ።

«ይህን ለካ። ከዚህ ዝቅ አልልም።»

«ጎፍታ፣ እዚህ ላይ ከተቀመጡ እግርዎ መሬት አይደርስም።»

«የኔ እግር መሬት ምን ሊሠራ ይወርዳል? አሽከር የለኝም?»

«ብስክሌት ሲቆም ይወድቃል ጌታዬ። እንደ በቅሎ አራት እግር የለውም።»

«የብስክሌቱ ሁለት፣ የጨመዳ ሁለት። አራት አይሞላም?»

አሽከራቸው ጨመዳ ወደ ጉሉማ ጠጋ ብሎ «ሂን ታኡ!» አለው በኦሮምኛ። «አይሆንም በላቸው እንጂ አንተ ሰው! እኔ እኮ ነኝ የምሮጠው።»

ጉሉማ አይሆንም አላለም። ሐሳቡ የቂል ሐሳብ መሆኑን ያውቃል፤ ግን ግራዝማች የተቀመጡበት ላይ አስተማሪም ይቀመጣል ብሎ አሰበ። መኪና ከጨፈለቀው ብስክሌት የፔዳሉን ቤት ቆርጦ ከፍ አድርጎ በየደው። አንድ ካቴና ስላልበቃ ሁለት ቀጠለ። ግራዝማች እርካብ ካልኖረው አልወጣም ስላሉ እርካብም ሠራለት። መሬት ላይ አስደግፎ ሁለት ጆንያ በቆሎ ጫነበትና ዘጠኙን መጋጠሚያ አንድ በአንድ በመዶሻ መታ። ድምፁ ጥሩ ነበር።

በገበያ ቀን ግራዝማች በእርካቡ ወጡ። ጨመዳ ከኋላ ይዞ ገፋ። ሜዳው ላይ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ጉሉማም ከኋላ እየተከተለ ጎማውን ሳይሆን መጋጠሚያውን ያያል። ግራዝማች የሚያዩት ግን መንገዱን አይደለም፤ ማን እጅ እንደነሳ ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ የቆሙ ባላገሮች ጎንበስ አሉላቸው። እጅ የተነሳለት ባለማዕረግ አጸፋ ይመልሳልና ግራዝማች ባርኔጣቸውን በቀኝ እጃቸው አነሱ። ፍሬኑ በቀኝ ነበር።

ጨመዳ ቀረ። ብስክሌቱ ወረደ። ግራዝማች መንገድ ዳር ያለውን የአረቄ ቤት ጣሪያ ጠርዝ ሲያልፉ አንቀው ያዙና ተንጠለጠሉ፤ ብስክሌቱ ብቻውን ሄዶ ቦይ ውስጥ ገባ።

«ጨመዳ! በርጩማ!»

«ይዝለሉ ጌታዬ፣ ከመሬት አንድ ክንድ ነው!»

«እኔ እዘላለሁ?»

የአረቄ ቤቷ ባለቤት ድርቤ ወጣች። «ግራዝማች፣ ጣሪያዬን ይልቀቁልኝ፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው።»

በርጩማ እስኪመጣ ድረስ ተንጠልጥለው ቆዩ። ክብር ይሉታል ይህን።

ጉሉማ ወደ ቦዩ ሮጠ። የፊቱ ጎማ ቸርኬ ተጣሟል። ዘጠኙን መጋጠሚያ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ አንድም አልተከፈተም።

ከሰዓት በኋላ ግራዝማች «የቱምቱ ብስክሌት ተሰበረብኝ» አሉ። ተንጠልጥለው ያያቸው ገበያተኛ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። ቴላዮ ሊያሠራ ቃል የገባው አስተማሪ ነመራም በማግስቱ መጣ።

«ይቅርብኝ ኦቦ ጉሉማ። መሰበሩን ሰማሁ።»

«አየኸው?»

«አላየሁም፤ ግን ግራዝማች ይዋሻሉ እንዴ?»

«እዚያ ቦይ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። እየው።»

«ትምህርት ቤት ረፈደብኝ» አለና ሄደ። ሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የቆጠሩለትን እንጂ ራሱ አይቆጥርም።

ከዚያ ወዲህ ቴላዮ ያዘዘው የለም። ጉሉማ ማጭድ ይቀጠቅጣል። ግራዝማች የጣሉትን ብስክሌት አንስቶ ቀለም ሳይቀባው የሥራ ቤቱ በር ላይ ሰቅሎታል፤ ናሱ በየመጋጠሚያው ቢጫ ሆኖ ይታያል። ስለ እሱ እንደምጽፍ ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠና እንዲህ አለ፦

«ለሚያነቡት ንገርልኝ። ነቀምቴ ከመጡ ጎራ ይበሉና ዘጠኙንም ይዳስሱ። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካገኙ ለከተማው ሁሉ ያውሩ፣ አልከለክልም። ካጡ ግን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ ብስክሌቱ ተሰበረ የሚል ሰው ሲገጥማቸው፣ አልተሰበረም፣ ግራዝማች ናቸው የወደቁት ይበሉልኝ።»