የማርሚታ ሁለተኛ ስም

መርሳ ከተማ እንግሊዝኛ በማስተምርባቸው ዓመታት ድካሜ በእንቅልፍ የሚለቅ አልነበረም። በቀን ሰባት ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ሰማንያ ተማሪ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲያናግረኝ ራሴን ነቅንቄ ነበር የማልፈው።

መካኒኩ የመጡብኝ በዚያ ሰሞን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ፣ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። የብቃት ምዘና የሚባል ነገር መጥቶ፣ በእጁ የሚያውቀውን በወረቀትም ያላሳየ ሠራተኛ ቦታውን ይለቃል ተብሏል። ወረቀቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። እሳቸው ሙያውን የቀሰሙት ደሴ፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ካደገ ሰው ስለሆነ የሞተሩን ክዳን ኮፈን፣ ሞተሩን የሚለኩሰውን ካንዴላ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ነው የሚሉት። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከዚያ ድረስ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ስለ መኪና የሚያስረዱ ሁለት ባለሥዕል መጻሕፍት አገኘሁ፤ አንዱ እንግሊዝ አገር፣ ሌላው አሜሪካ የታተመ። ኮፈኑን የእንግሊዙ ቦኔት ሲል የአሜሪካው ሁድ ይለዋል። ማርሚታውን የእንግሊዙ ሳይለንሰር ሲል የአሜሪካው መፍለር፤ ቤንዚንን ያኛው ፔትሮል ሲል ይኼኛው ጋዝ። አንድ ቋንቋ እየተናገሩ በአንድ መኪና አለመስማማታቸው አናደደኝ። የአሜሪካኑን መልሼ መደርደሪያው ላይ ጣልኩት። አንዱም ይበቃል አልኩ።

ከዐሱር ሰላት በኋላ እየመጡ ይማሩ ነበር። እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል ደብተራቸው ላይ ይጽፉና ቀስ ብለው ይደግሙታል። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል እያሉ ይስቃሉ። ሲስቁ ደስ ይሉኝ ነበር፤ ቶሎ እንዲሄዱልኝም እመኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ መለዋወጫ ካርቶን ላይ ያዩትን ጽሑፍ በእስክሪብቶ እጃቸው ጀርባ ላይ ገልብጠው መጡ። አነበብኩት፤ መፍለር ይላል።

«መምህር፣ ውስጡ ያለው ማርሚታ ነው። ሌላ ስም አለው እንዴ?»

ጠረጴዛዬ ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሯል። አለው ብል ሁለተኛውን መጽሐፍ ማውጣት፣ ሁሉንም እንደገና መጀመር ሊኖርብኝ ነው።

«የለውም። የያዙት ይበቃዎታል» አልኳቸው።

እሺ ብለው ጽሑፉን በምራቃቸው ጠረጉት።

ምዘናው ወልድያ ነበር። ሞተር ፈተው ሲገጥሙ ከሁሉም በለጡ፤ በጽሑፉ ወደቁ። ተመልሰው ሲነግሩኝ ከራሳቸው ጋር የሚከራከሩ ይመስሉ ነበር። የጋዝ ሞተር በምን ይለኮሳል የሚል ጥያቄ መጥቷል። ጋዝ የኩራዝ ነው፣ ካንዴላ ምን አገባው ብለው «መልሱ የለም» የሚለውን አከበቡ። ሁድና መፍለር ያለባቸውን ደግሞ ጨርሶ አልነኳቸውም። እኔ ወደማርመው ወረቀት አቀረቀርኩ።

ከሳምንት በኋላ የመሥሪያ ቤታቸው ኃላፊ ሁለታችንንም አስጠራን። ነገሩ አጭር ነበር፤ ቃላቱን ሳይማሩ ቀርተው ከሆነ በድጋሚ እንዲፈተኑ ይጽፍላቸዋል፤ ተምረው ረስተው ከሆነ ውጤቱ ይጸናል፣ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። አስተምረሃቸዋል ወይ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

በዚያው ሳምንት የመምህራን ግምገማ ነበረብን። ሰው አጉድሎ አስተማረ ሲሉኝ፣ እኔም ቆሜ ሂስ ስውጥ ታየኝ። አፌን እስክከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«መምህርማ ምን ያጉድሉ! ከድካማቸው ላይ ቀንሰው ሁሉንም አስተምረውኛል። የረሳሁት እኔ ነኝ። አላህ ምስክሬ ነው፣ በሳቸው አይላከክ።»

ኃላፊው እውነት ነው ወይ አለኝ።

«አዎ፣ አስተምሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ኃላፊው ውጤቱ ይጽና ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም መታበት። ስንወጣ ሽማግሌው በሩን ይዘው ቆሙልኝ።

«ይለፉ መምህር» አሉኝ፤ «ደክሞዎታል።»