አማት የሚሏት ማስጠንቀቂያ

ተራ የሚባለው ቀን ለእሷ በዋዛ አይመሽም። ጠዋት ከተኛች ልጇ ጉንጭ የምትሰርቀው አንድ መሳም፣ ሁለት አውቶቡስ፣ ኮክፒት በሚሉት ጠባብ የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ተንበርክካ የምትጨርሰው ጉልበት፤ በዚያ ላይ የአብራሪዎቹ ፌዝ። ከሁሉም የሚከብደው ፌዙ ነው።

የአውሮፕላን ቴክኒሻን ናት። እሷ የምትጠብቀው ሣጥን፣ አውሮፕላኑ ወደ ተራራ ወይም ወደ መሬት ያለ ልክ ሲጠጋ በሴት ድምፅ "መሬት! መሬት! ወደ ላይ!" ብሎ የሚጮህ ነው። አብራሪዎቹ ይህችን ሣጥን ነዝናዛ ናት ብለው "አማት" ይሏታል። ቴክኒሻኗን ደግሞ "የአማት ሐኪም"።

"ዛሬስ አማታችን እንዴት አደሩ?"

"እሳቸው ደህና ናቸው። አማቾቻቸው ናቸው ጆሯቸው የታመመ።"

እውነቱን ለመናገር አማት ድሮ ትዋሽ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የመሬት ካርታ አሮጌ ስለነበር፣ ከማኮብኮቢያው በፊት ያለችውን ኮረብታ ካለችበት ፈቀቅ አድርጎ ያሳይ ነበር። ስለዚህ በደህናው መንገድ ለመጣውም ትጮህ ነበር። ቴክኒሻኗ ካርታውን ካደሰችው ግን ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን በከንቱ አልጮኸችም። ግን አንዴ ውሸታም የተባለን ማን ያምናል!

በአብራሪዎቹ ማረፊያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። አማት ጮኻበት ማረፉን ትቶ ሽቅብ የተመለሰ ሰው፣ ቁም ሣጥኑ እጀታ ላይ የሕፃን ጡጦ ይንጠለጠልበታል፤ ሌላ "ፈሪ" እስኪገኝም እዚያው ይሰነብታል። ጡጦውን የገዛው "አይመለሴ" የሚሉት ካፒቴን ነው። በሃያ ዓመት አንዴም ተመልሶ አያውቅም።

የቴክኒሻኗ ታናሽ ወንድም እዚያው ረዳት አብራሪ ሆኖ ተቀጠረ። በሦስተኛ ወሩ፣ ጉም በወረደበት ጠዋት መሪውን ይዞ ሳለ አማት ጮኸች፤ እሱም እንደተማረው ሽቅብ ወጣ። ዞሮ በሰላም አረፈ። ተሳፋሪዎቹ ግን ዘገየን ብለው አጉረመረሙ። አንዱማ ሲወርድ "መንጃ ፈቃድህን የት ነው የገዛኸው?" አለው። ከሰዓት በኋላ ጡጦው ተንጠልጥሎ ጠበቀው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ባለፈ ባገደመ ቁጥር "እሹሩሩ" አሉት። እህቱን ያስፈራት ፌዙ ራሱ አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ አማት ስትጮህ ወንድሟ አፍሮ ሳይመለስ እንዳይቀር ነው። የሣጥኑን መዝገብ አትማ ማረፊያ ክፍሉ ገባች።

"ካፒቴን፣ ይኸው ያንብቡት። ከኮረብታዋ አናት የቀራቸው አርባ ሜትር ነበር። ባይመለስ ኖሮ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር።"

አይመለሴ ወረቀቱን ሳያየው አጠፈው። "የኔ እመቤት፣ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ይልቅ ወተቱን አሙቀሽ አምጪለት።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ጎተታት።

"እታለም፣ በሞቴ ተይኝ! ከእነሱ ይልቅ ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ።"

"ስድብ አይገድልም፤ ኮረብታ ነው የሚገድል።"

"አታውቂያቸውም። ይገድላል።"

ከዚያ ቀን ወዲያ ምሳ አብሯት መብላት ተወ።

የበረራ ኃላፊው ዘንድም ሄደች። "ጌታዬ፣ ይህን ልማድ በትእዛዝ ያስቀሩልን" ብላ ለመነች።

"ጨዋታ እኮ ነው" አላት። "አንቺ ሣጥንሽን ጠብቂ።"

ጠበቀች።

በቀጣዩ ወር አይመለሴና ወንድሟ አብረው በረሩ። ያን ቀንም ጉም ነበር። አውሮፕላኑ ኮረብታዋ ላይ ቀረ፤ ከተሳፈሩት አንድም ነፍስ አልተረፈም።

የድምፅ መቅጃው ሲገኝ፣ መርማሪዎቹ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ የሚለይላቸው ሰው ፈለጉ። እሷን ጠሩ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። አማት ትጮሃለች፤ አሥራ አራት ሰከንድ ሙሉ። መሃል ላይ ወንድሟ ቀስ ብሎ "ካፒቴን፣ እንመለስ እንዴ?" ይላል። አይመለሴ "ምነው፣ ጡጦው ናፈቀህ?" ይለዋል። ከዚያ ወንድሟ ይስቃል። ለሰው ደስ ይበለው ተብሎ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ።

"ይሄ የሳቀው ማን ነው?" አለ መርማሪው።

"ወንድሜ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ? ልድገመው?"

መልሷን ሳይጠብቅ ደገመው። ለመዝገቡ ሲባል ሦስት ጊዜ ሰማችው።

ምርመራው ሲያልቅ ሣጥኑ በደንብ መሥራቱ፣ ካርታውም ትክክል መሆኑ ተጻፈ። ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶ "እንኳን ደስ አለሽ፤ አንቺ ጥፋት የለብሽም" አላት። እጁንም ዘረጋላት። አልጨበጠችውም፤ ሣጥናቸውን የምትጠብቅላቸው ሌሎች አውሮፕላኖች ስላሉ ግን ሥራዋን አልተወችም።

ይህን የምታነቡትን የምትለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሊያርፍ የተቃረበ አውሮፕላን ድንገት ሽቅብ ቢመለስባችሁ፣ እባካችሁ አታጉረምርሙ። ልጆቻችሁን አቅፋችሁ ታገሡ። ስትወርዱም አብራሪው በሩ ላይ ቆሞ ካገኛችሁት እጁን ጨብጡና፣ ባልደረቦቹ እየሰሙ፣ ጮክ ብላችሁ "እንኳን ተመለስክ" በሉት።