በግራ ጎን የተንጠለጠሉት ጎማዎች

ናኹዳ ደርዊሽ ጀልባውን ባቆመበት ሁሉ አስቀድሞ መልህቅ ይጥል ነበር፤ ይህ የማንኛውም ናኹዳ፣ የማንኛውም የጀልባ አዛዥ ወግ ነው። ቀጥሎ የሚያደርገው ግን የእሱ ብቻ ነበር። አሮጌ የመኪና ጎማዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ በግራው ጎን ያንጠለጥላቸዋል። ጎማ የሚንጠለጠለው ሌላ ጀልባ መጥቶ ጎን ለጎን ሲታሰር እንጨት ከእንጨት እንዳይፋተግ ነው። ደርዊሽ ዘንድ መጥቶ የሚታሰር ጀልባ ግን አልነበረም።

“ናኹዳ፣ ዛሬም እንግዳ አለብህ?” ይሉታል የአፋር ዓሣ አጥማጆች በአጠገቡ ሲቀዝፉ።

“ቢኖርብኝስ? ምሳ አዋጣ አልኩህ?”

“አይ፣ ጎማው ካለ መኪናውንም ፈልገን እናምጣልህ ብለን ነው።”

እነሱ ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል። ሚስቱ ሱዑድ ግን አትስቅም። ጎማዎቹ ማንን እንደሚጠብቁ በዚያ ጠረፍ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ደርዊሽ የኾኻ ሰው ነው፤ ከወዲያ ማዶ፣ ከየመን። ኾኻ ውስጥ ግን ቤት የለውም። ሱዑድን ያገባት ዕለት በቀጥታ ወደ ጀልባው ነው ይዟት የወጣው። እሷም ለጥቂት ጊዜ መስሏት የሙሽርነት ሳጥኗን ሳትፈታ ከርማለች። ይኸው እዚያው አረጀች፤ አሸዋ በሞላው የእንጨት ምድጃ ላይ እሳት እያነደደች፣ ዓሣና ሩዝ እየሠራች፣ የቡና ገለባ እያፈላች፣ ዶሮዋን በምሰሶው ሥር እያሰረች። ልጅ አልሰጣቸውም። ንፋሱ ሲመቻቸው ባሕሩን ተሻግረው ከኦቦክ ወደብ በላይ ባለው የአፋር ጠረፍ ሻርክ እያጠመዱና እያደረቁ ወራቱን ይገፋሉ።

የሰው አገር ነውና በሰው አገር ሕግ ነው የሚታደረው። ስትገባ የባለ አገሩን ባንዲራ በቀኝ በኩል ትሰቅላለህ። ከሥሩ ቢጫ ጨርቅ ታደርግና የወደቡ ሰው መጥቶ እስኪያይህ ድረስ፣ ውሃ ጥም ቢገድልህም፣ እግርህን መሬት አታስነካም። የኤሊ እንቁላል አትነካም። ወደ ሰሜን ስትል ደግሞ ወታደሮች የሰፈሩበት ወሽመጥ አለ፤ እዚያ ያለ ፈቃድ የገባ ጀልባ ይወረሳል። ለዚህ ሕግ የተተወለት ማምለጫ አንድ ነው፤ ጀልባውን ንፋስ አስገድዶት እንደገባና ሌላ መጠጊያ እንዳጣ ያየ ናኹዳ ቀርቦ ከመሰከረ ይለቀቃል።

ይህ የመንግሥቱ ነው። ባሕረኞቹ ደግሞ ማንም ያልጻፈው የራሳቸው ሕግ አላቸው። ቀድሞ መልህቅ የጣለ የቦታው ጌታ ነው፤ ጀልባው በንፋስ ሲዞር የሚደርስበት ውሃ ሁሉ የእሱ ነው፣ ኋላ የመጣ ራቅ ብሎ ይቆማል። ነገር ግን በክፉ ንፋስ ገመድ ወርውሮ “ያዝልኝ” ያለህን ሰው፣ ያባትህ ገዳይ ቢሆን እንኳ፣ ትይዝለታለህ። “ገመድ ያልያዘ” የተባለ ሰው ሰላምታ የሚመልስለት አያገኝም፤ ከቤቱም ሚስት የሚያጭ የለም።

ጋሊብ የደርዊሽ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስት ሳያገባ ጀልባ ያገባ፣ ሳቂታ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ጀልባውን ከኾኻ አሸዋ ላይ ሳንቃ በሳንቃ የሠራት በእጁ ነው። ስንጥቆቿን በጥጥና በሻርክ ዘይት የደፈነለት ደግሞ ደርዊሽ ነው፤ ሁለቱ ከሥሯ ተጋድመው እየተሰዳደቡ ሲሠሩ የሰፈሩ ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ይሰሟቸው ነበር። ኋላ ጋሊብ ሞተር ገዛ። ደርዊሽ ሞተር አይወድም፤ ይሸታል፣ ይጮኻል፣ ሰውንም ያባልጋል ይላል። አንድ ቀን ጫት ላይ ኾኻ የሞላ ናኹዳ ተሰብስቦ ሳለ አንዱ “ደርዊሽ ምነው ዘገየ?” ሲል ጋሊብ ቀበል አደረገና፣

“ወንድሜ እኮ ለንፋስ ደብዳቤ ጽፎ መልስ እስኪመጣለት ነው የሚጠብቀው” አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደርዊሽ በሩ ላይ ደርሶ ነበርና ሰማ። ከዚያ ወዲያ ስሙ “ባለ ደብዳቤው” ሆኖ ቀረ። ታላቅ ወንድምን በአደባባይ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ቀልድ ነው፣ በማግሥቱ ሊረሳ ይችል ነበር። ደርዊሽ አልረሳም። ቂም ይዞ ባሕር ላይ መኖር ድንጋይ ጭኖ እንደመሄድ ነው፣ እሱ ግን ጫነው።

ከተከለከለው ወሽመጥ ወዲህ አንዲት ራቁቷን የቀረች ደሴት አለች። በሰሜን በኩል ጉያ አላት፤ ደቡብ ምሥራቁ ንፋስ፣ አዝየብ የሚሉት፣ ሲነሳ መሸሸጊያ እሷ ብቻ ናት። ለብቻው ለቆመ አንድ ጀልባ ትበቃለች፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ ግን ሁለት ትይዛለች። ይህን የማያውቅ ናኹዳ የለም። አንድ ቀን አዝየብ ሊነሳ ሰማዩ ሲቀላ ደርዊሽና ሱዑድ እዚያ ገብተው መልህቅ ጥለው ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጋሊብ ጀልባ ከደሴቲቱ ጫፍ ብቅ አለች። የሞተር ድምፅ የለም። ቁራጭ ሸራ ወጥሮ እየተንገላታ ነው የመጣው። ጎማዎቹን ከወዲሁ በቀኝ ጎኑ አንጠልጥሏል፤ ወንድሙን አይቶ ከወንድሙ ጋር ሊታሰር።

“ሞተሩ ሞቷል” ሲል ጮኸ። “ገመዴን ያዝልኝ።”

ደርዊሽ እጁን አጣጥፎ ቆመ። “መልህቅ ቀድሞ የጣለ ማነው?”

“አንተ ነህ፤ ሌላ ማን አለ? ያዝ እንጂ፣ ደረሰብኝ ንፋሱ።”

“ለሞተርህ ደብዳቤ ጻፍለት” አለው ደርዊሽ። “መልሱ እስኪመጣ ትጠብቃለህ።”

ገመዱ ተወርውሮ ደርዊሽ እግር ሥር፣ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ወደቀ። ሱዑድ ከምድጃዋ ተነሥታ ስትሮጥ መጣች። “ያዝለት አንተ ሰውዬ፣ የእናትህ ልጅ ነው።”

“ዝም በይ፣ ትንሽ ይቅመሳት።”

አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲለምነው ነበር የፈለገው። “ወንድሜ በሞቴ” እንዲለው፤ ከዚያ ሊይዝለት። እንዲያ ነው ዕድሜ ልኩን ለራሱ የነገረው፣ እውነትም ይመስለኛል። ግን በሸራ የሚመጣ ጀልባ በር ላይ እንደቆመ ለማኝ አይጠብቅም። ገመዱ ከጠርዙ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ገባ፣ ጀልባዋም የጉያውን አፍ አልፋ ሄደች። ጋሊብ ሁለተኛ አልለመነም። ገመዱን እየሰበሰበ ወንድሙን አንዴ አየው። ደርዊሽ ያን ጊዜ ነው “ወርውር! ወርውር!” ያለው፤ ድምፁን ግን ንፋሱ ዋጠው።

ጋሊብ በሕይወት መኖሩን ከዓሣ አጥማጆች ሰሙ። ንፋሱ የተከለከለው ወሽመጥ ውስጥ አስገብቶት ጀልባዋ ተይዛለች፣ እሱም ታስሯል። ደርዊሽ ወደ ኦቦክ ወረደ። የወደቡ አዛዥ ሑመድ የሚባል አፋር ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ጀልባዋን ለመልቀቅ ምክንያት የሚፈልግ ሰው ነበር። ከቢሮው በረንዳ አግዳሚ ላይ ሌሎች የየመን ናኹዳዎች ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነው።

“ንፋስ እንደነበረ እኔም ምስክር ነኝ፣ ጣሪያዬን ወስዶታል” አለ ሑመድ። “መጠጊያ ማጣቱን ግን ያየ ሰው እፈልጋለሁ። እሱን ስጠይቀው የደሴቷን ጉያ ሳትኳት፣ እዚያም ማንም አልነበረም ይላል። እንዴት ያለ ናኹዳ ነው ያቺን ጉያ የሚስታት? አንተ በዚያ ሰሞን በዚያው በኩል ነበርክ አሉ። አላየኸውም?”

ደርዊሽ ወንድሙ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባው። ጋሊብ “ወንድሜ ነበረ፣ ገመዴን አልያዘልኝም” ቢል፣ ምክንያት ፈላጊው ሑመድ ጀልባዋን በዚያው ቀን ይለቃት ነበር። አላለም። አሁን ደግሞ ይህንኑ ደርዊሽ ራሱ ቢለው ያው ነው፣ ትለቀቃለች። ሑመድ ብዕሩን ይዞ እየጠበቀ ነው። በረንዳው ላይ ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመዋል። ቦታ አልነበረም ቢል ማንም አያምነውም። እንደማያምኑት ያውቃል።

“አላየሁትም” አለ።

ጀልባዋን ጎትተው አሸዋ ላይ አወጧት። ጋሊብ ከወራት በኋላ ተፈቶ በሰው ጀልባ አገሩ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ላይ አልወጣም። ሞተር የሚጠግን ሆነ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። ደርዊሽ ኾኻ ሲመጣ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ስለዚያ ምሽት ግን አንድም ቀን አያነሳም። ደርዊሽም አያነሳም። ጀልባዋ ፀሐይ እየበላት፣ ሳንቃዋ እየተፈለጠ፣ የአፋር ሴቶች ዓሣ ያሰጡባት ጀመር። ደርዊሽ በዚያ ባለፈ ቁጥር ዓይኑን ወደ ባሕሩ ያዞራል። አንድ ቀን ግን ወታደሮቹን አስፈቅዶ ወረደና ጎማዎቹን ፈትቶ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ነው በግራው ጎን የሚያንጠለጥላቸው፤ ጋሊብ ያን ምሽት በመጣበት ጎን። ጉያዋ ውስጥ ሲገባም ከአለቱ ጥግ፣ ከማይመቸው በኩል ተጠግቶ ይቆማል፤ ሌላ ጀልባ እንድትገባ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ ሱዑድ ሩዝ እየለቀመች፣ “ጎማ ከማንጠልጠል ሄደህ ብትናገር አይቀልህም?” አለችው።

“ለማን ልናገር?”

“ለዋሸኸው ነዋ።”

ሄደ። ሑመድ ጡረታ ወጥቷል፤ ቦታው ላይ ወጣት አዛዥ አገኘ። “የቱ ጀልባ?” አለ ወጣቱ። ደርዊሽ ቦታውን ሲነግረው፣ “ዓሣ የሚሰጣበት? እኔማ ዱሮውንም እዚያ የነበረ እንጨት መስሎኝ” አለ። ደርዊሽ ሳይጠየቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረው፤ ደብዳቤውን፣ ገመዱን፣ “አላየሁትም” ያለውን። በሩ እንደ ዱሮው ክፍት ነበር፣ አግዳሚው ላይም እንደ ዱሮው የኾኻ ሰዎች ተቀምጠዋል። ወጣቱ ምንም አልጻፈም። ውሃ አስመጥቶ አጠጣው፣ አሰናበተው። ደርዊሽ ሲወጣ ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት፤ ሰላም ያለው የለም። ይህን ሳያስተውል ቀረ፤ ደረቱ ቀሎት ነበር። ያንኑ ዕለት ሸራውን ወጥሮ ወደ ኾኻ አቀና። ንፋሱ ደካማ ነበርና ቆየ። ሱዑድ እያንጎራጎረ ሲቀዝፍ አይታ የቡና ገለባ አፈላችለት።

የጋሊብ ሚስት በሩን ከፍታለት ፊቷን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሊብ ግቢው ውስጥ አንድ ሞተር በትኖ፣ እጁ ዘይት ሆኖ ተቀምጧል። ቀና አላለም።

“ጋሊብ፣ ሄጄ ተናገርኩ” አለው ደርዊሽ ገና ሳይቀመጥ። “እንዳየሁህ፣ ገመድህን እንዳልያዝኩልህ። ሁሉንም ነገርኳቸው።”

“ሰምቻለሁ።”

“ከማን ሰማህ? እኔ እኮ በቀጥታ ነው የመጣሁት።”

“አንተ በሸራ ነው የመጣኸው” አለ ጋሊብ። “ወሬው ሞተር አለው።” የዱሮ ሳቁ በፊቱ ላይ አልነበረም። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። “የልጄ አማቾች ዛሬ ጠዋት መጥተው ነበር። ናኹዳዎች ናቸው፤ ታውቃቸዋለህ። ገመድ ያልያዘን ሰው የወንድም ልጅ አናገባም አሉ። ልብሷ ተሰፍቶ ነበር።”

ከውስጠኛው ክፍል ለቅሶ ይሰማ ነበር። ደርዊሽ ሲገባ የልጅ ጨዋታ መስሎት ነበር።

“እኔ እውነቱ እንዲወጣ ብዬ ነው። ላንተ ብዬ ነው።”

“ለኔ? ጀልባዬን ለምን የተውኩ መሰለህ? አቅቶኝ? አንድ ቃል ብናገር ይመልሷት ነበር። በእጄ የሠራኋትን፣ አንተም አብረኸኝ የደፈንካትን፤ ስምህ እንዳይነሳ፣ የአባታችን ቤት እንዳይጠራ ብዬ እዚያ አሸዋ ላይ ተውኳት። ሁልጊዜ ሲቆጨኝ፣ ይሁን፣ በከንቱ አልቀረችም እል ነበር። ያን ጊዜ ብትናገር ጀልባዬን ትመልስልኝ ነበር። አሁን ምን መለስክልኝ?”

“ምን ላድርግ ታዲያ?” አለ ደርዊሽ።

“ምንም። ዝም በል። ዝም ማለት ታውቅበት አልነበር?”

ጋሊብ መፍቻውን አንሥቶ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። ምሳ ብላ ያለው የለም፤ በዚያ ቤት ይህ የመጀመሪያው ነው። ደርዊሽ በአሸዋው ላይ ወደ ጀልባው ሲወርድ ዱሮ ሁለቱ ተጋድመው ሳንቃ የደፈኑበትን ቦታ አልፎ ሄደ። ሱዑድ ፊቱን አይታ ሩዙን አቀረበችለት፣ ሳይነካው ቀዘቀዘ። እንዲናገር ያሳሰበችው እሷ ነበረችና እሷም ሳትበላ አደረች።

የወንድሙን ደጅ ዳግመኛ አልረገጠም። ኾኻም የሚጠጋው ውሃና ሩዝ ሲያልቅበት ነው፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ራቅ ብሎ፣ ሱዑድ ገበያ ደርሳ እስክትመጣ። የቀረውን ጊዜ በሰው አገር ጠረፍ ነው የሚያሳልፈው፤ ባንዲራውን በቀኝ ሰቅሎ፣ ቢጫውን ጨርቅ ጊዜው ሲደርስ እያወረደ፣ ሕጉን አንድም ሳያጓድል። ማታ ማታ ጉያዋ ውስጥ ገብቶ ከአለቱ ተጠግቶ መልህቁን ይጥላል፣ ጎማዎቹን በግራው ጎን ያንጠለጥላል። የአፋር ዓሣ አጥማጆች ዛሬም በአጠገቡ ይቀዝፋሉ። እንግዳ አለብህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።